በጨርቁ ጠርዝ ላይ የታተመ ስም

በዛሬው ዘመን አንድ ሥዕል በአንድ ቦታ ብቻ ተሰቅሎ አይቀርም። ትናንት በልጆች መጽሐፍ ውስጥ የታየችው ወፍ ዛሬ በአልጋ ልብስ ላይ፣ ነገ ደግሞ በሻይ ኩባያ፣ በጃንጥላና በቦርሳ ላይ ትገኛለች። ዕቃውን የሚገዛ ሰው ዋጋውን ይጠይቃል፤ የት አገር እንደተሠራም ገልብጦ ያያል። «ሥዕሉን የሣለው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሰሐኑ የፋብሪካው ነው፤ ጨርቁ የነጋዴው ነው፤ ሥዕሉ ግን አባትም እናትም እንደሌለው ሆኖ ይታያል።

ነገሩ ሁልጊዜና በሁሉም ስፍራ እንዲህ አልነበረም። በወረቀት ላይ የተነደፈውን ወደ ጨርቅ፣ ከጨርቅም ወደ ቤት ዕቃ ያሻገሩ ሰዎች የታወቀ ታሪክ አላቸው። ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘችው ደግሞ የሕዝቧ ቁጥር 6 ሚሊዮን እንኳ ያልሞላው ፊንላንድ መሆኗ ያስገርማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘመናዊው ንድፍ አባት ተብሎ ዘወትር ስሙ የሚነሣው እንግሊዛዊው ዊልያም ሞሪስ ነው። በ1834 ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። በ1861 ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ የቤት ጌጥና የቤት ዕቃ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። ዘመኑ እንግሊዝ የዓለም ፋብሪካ የሆነችበት ነበር። በእጅ ሙያ ያደሩ ሰዎች ለመኪና አሽከር ሆነው ነበርና ሞሪስ ይህን አጥብቆ ጠላ። በ1862 የመጀመሪያውን የግድግዳ ወረቀት ነደፈ፤ በእንጨት ርብራብ ላይ የሚሳብ ጽጌረዳ ነው። በቅጠሉ መሀል የሚታዩትን ወፎች ግን የሣለለት ወዳጁ አርክቴክቱ ፊሊፕ ዌብ ነበር። እንግዲህ ከመጀመሪያው ወረቀት አንሥቶ በአንድ ሰው ስም የሚጠራው ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነበረ ማለት ነው።

ከጨርቆቹ ሁሉ የገነነው በ1883 የነደፈው «እንጆሪ ሌባ» የተባለው ነው። ሞሪስ በገጠር ቤቱ አትክልት ስፍራ የዘራውን እንጆሪ ወፎች እየመጡ ሲለቅሙበት ያይ ነበር። ሌላው ሰው ወፎቹን በድንጋይ ያባርር ይሆናል፤ እሱ ግን ሣላቸው። አሠራሩ ቀላል አልነበረም። ነጩ ጥጥ በመጀመሪያ ኢንዲጎ በሚባለው ሰማያዊ ቀለም ጋን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይነከራል። ከዚያ በእንጨት የተቀረጸ ማኅተም ቀለም የሚያነጣ መድኃኒት እየተደረገበት፣ ሥዕሉ በሚወጣበት ቦታ ሰማያዊው እንዲለቅ ይደረጋል። ቀዩና ቢጫው ደግሞ በየተራ በሌላ ማኅተም ይታተማሉ። አንድ ጨርቅ ተጀምሮ እስኪያልቅ ብዙ ቀን ይፈጃል። ስለዚህም ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ሞሪስ ደግሞ በዚያው በ1883 የሶሻሊስቶችን ድርጅት ተቀላቅሎ ነበር። ለሠርቶ አደሩ እየተሟገተ ሠርቶ አደሩ ሊገዛው የማይችለውን መጋረጃ ለባለጸጋ ይሸጥ ነበር። ይህ ቅራኔ እስከ ዕለተ ሞቱ አለቀቀውም፤ ወዳጆቹም ጠላቶቹም አልሸሸጉለትም።

ሌላም የማይነገርለት ነገር አለ። የዘመኑ አረንጓዴ የግድግዳ ወረቀት ቀለም አርሴኒክ የሚባል መርዝ ነበረበት። የሞሪስ ቤተሰብ ሀብት የተገኘው ደግሞ በዴቨን ከነበረ የማዕድን ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው መጀመሪያ መዳብ፣ በኋላ አርሴኒክ በብዛት ያወጣ ነበር። ሞሪስ ራሱም ለጥቂት ዓመታት ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ሆኖ አገልግሏል። ሐኪሞች በወረቀቱ ሰው ይታመማል ሲሉ እሱ በደብዳቤው አቃልሎት አልፏል። የተፈጥሮን ውበት የሰበከ ሰው ይህን ማለቱ ደስ አያሰኝም፤ ታሪክ ግን እንዲህ ነው።

በሞሪስ ጨርቆች ጠርዝ ላይ የሚታተመው የድርጅቱ ስም ነበር። ልጁ ሜይ ሞሪስ በ1885 ገና በ23 ዓመቷ የጥልፍ ክፍሉን ኃላፊነት ተረክባ እጅግ ብዙ ሥራ ሠርታለች። ጆን ሄንሪ ዲርል የተባለው ደግሞ በልጅነቱ በሱቅ ረዳትነት ገብቶ፣ ሙያውን ተምሮ፣ በመጨረሻ ዋናው ነዳፊ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። የሁለቱም ሥራ ግን ለብዙ ዘመን በ«ሞሪስ» ስም ሲሸጥና ሲወደስ ኖሯል። ጨርቁን የሚገዛው ሰው ስለ ዲርል የሰማው ነገር አልነበረም።

ይህን ነገር ለማረም በግልጽ የሞከሩት የቪየና ሰዎች ናቸው። በ1903 ዮሴፍ ሆፍማንና ኮሎማን ሞዘር «የቪየና ወርክሾፕ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ከብር ማንኪያ ጀምሮ እስከ ወንበር፣ ከፖስት ካርድ እስከ ሐር ቀሚስ ድረስ ሠሩ። ፖስት ካርዶቹ ብቻ አንድ ሺህ ያህል ዓይነት ነበሩ። በዕቃዎቻቸው ላይ ከማኅበሩ ምልክት ሌላ የነዳፊው፣ ከዚያም አልፎ በእጁ የሠራው የአንጥረኛው ምልክት ይቀረጽ ነበር። ነዳፊውና ሠሪው በአንድ ማንኪያ ላይ ጎን ለጎን መቆማቸው ለዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ገንዘብ ማስተዳደር አልሆነለትም፤ ደጋፊዎቹን አክስሮ፣ በ1932 ተዘጋ።

ከጦርነት የተረፈች አገር

ፊንላንድ ከሩሲያ ግዛት ነፃ የወጣችው በ1917 ነው። በ1939 የሶቪየት ጦር ወረራት። ጦርነቱ በ1944 ሲያከትም ነፃነቷን ይዛ ወጣች፤ ዳሩ ግን ካሬልያ የተባለውን የምሥራቅ ክፍሏን ለማስረከብ ተገደደች። ከ400 ሺህ በላይ የካሬልያ ሰዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ጥለው ወደ ቀረው አገር ተሰደዱ። ከእነዚህ ተፈናቃዮች አንዷ አርሚ ራቲያ ትባላለች።

አርሚ በ1912 በካሬልያ ተወለደች። በሔልሲንኪ የኪነ ጥበባት ትምህርት ቤት የጨርቅ ንድፍ ተምራ በ1935 ተመረቀች። ከዚያም ቪፑሪ በተባለችው ከተማ የሽመና ቤት ከፈተች። ጦርነቱ ሲመጣ የሽመና ቤቱም ከተማውም ቀረ፤ ቪፑሪ ዛሬ ቪቦርግ ተብላ በሩሲያ ውስጥ ትገኛለች። አርሚ ሔልሲንኪ ገብታ በማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ጽሑፍ ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። ሽመናዋን ያጣች ሸማኔ ለሌላ ሰው ሸቀጥ ማሞገሻ ቃላት ስትጽፍ ዓመታት አሳለፈች። አገሩን ለቆ በማያውቀው ሥራ እንጀራውን ያገኘ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ባሏ ቪልዮ ራቲያ በ1949 ፕሪንቴክስ የተባለውን ፋብሪካ ያዘ። ፋብሪካው የጠረጴዛ ሙሻማ የሚሠራ ነበር። ሙሻማ አላዋጣ ስላለ ባልና ሚስቱ ወደ ጥጥ ጨርቅ ኅትመት ዞሩ። በዘመኑ ጥሩ ጥሬ ዕቃ ማግኘት ችግር ስለነበር የተጠቀሙበት ጥጥ ተራና ርካሽ ነው። አርሚ ግን በተራው ጥጥ ላይ ተራ ያልሆነ ሥዕል ማተም ይቻላል ብላ አመነች። ከውጭ አገር እየተቀዳ የሚታተመውን ጥቃቅን አበባ ትታ ወጣት ሠዓሊዎችን ጠራች። የራሳቸውን ነገር እንዲያመጡ ነገረቻቸው።

ሰው ጨርቁን አይቶ አደነቀ፤ ነገር ግን አልገዛም። «ያምራል፤ ግን ምን ይሠራበታል?» ነበር ጥያቄው። አርሚ መልሱን በአፍ አልሰጠችም። በግንቦት ወር 1951 በሔልሲንኪ በአንድ ምግብ ቤት አዳራሽ የልብስ ትርዒት አዘጋጀች፤ ልብሶቹን የሰፋችው ሪታ ኢሞነን ነበረች። ከዚያ በኋላ ሰው ጨርቁን ሳይሆን ቀሚሱን ለመግዛት ተሰለፈ። በዚያው ወር ማሪሜኮ የተባለው ድርጅት በሕግ ተመዘገበ። «ማሪ» የሴት ስም ነው፤ «አርሚ» የሚለው ስም በአውሮፓ ፊደል ሲገለባበጥ የሚወጣውም እሱ ነው። «ሜኮ» ማለት ደግሞ ቀሚስ ነው።

አበባ የተከለከለችው ነዳፊ

ማይያ ኢሶላ በ1927 ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። በሔልሲንኪ ሥዕል እየተማረች ሳለ ገና በ19 ዓመቷ ክሪስቲና የተባለች ልጅ ወለደች። በ1949 ትምህርቷን እንደጨረሰች አርሚ ወሰደቻት። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስከ 1987 ድረስ፣ ማለት 38 ዓመት ሙሉ፣ 500 ያህል ንድፎች ሠራች። ይህን ያህል ሥራ አንድ ሠዓሊ በአንድ ድርጅት ውስጥ መሥራቱ ብርቅ ነው።

ማይያ ከሁሉ አስቀድማ ራሷን የምትቆጥረው ሠዓሊ አድርጋ ነበር። ስለዚህ የጨርቅ ንድፍ ስትሠራ እንደ ጨርቅ ነዳፊ አልተቀመጠችም። ትልቅ ወረቀት ወለል ላይ ዘርግታ በሰፊ ብሩሽ ትሥላለች፤ አንዳንዴም ከለር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች ትለጥፋለች። በ1950ዎቹ መጨረሻ የደረቀ ቅጠልና ሣር በቀጥታ እየተጠቀመች «ተፈጥሮ» የተባሉትን ጨርቆች አወጣች። «ድንጋዮች» የተባለው የ1956 ንድፏ ደግሞ ትልልቅ ጥቁር ድቡልቡል ቅርጾች ብቻ ናቸው። የሚያየው ሰው ከርቀት የባሕር ዳር ጠጠር ይመስለዋል። በ1961 የሠራችው «የባሕር ወፍ» ማዕበል የመሰለ ጥለት ነው፤ በውስጡ ግን አንዲት ወፍ አትታይም።

ታዲያ አርሚ ራቲያ ማሪሜኮ አበባ እንደማያትም በይፋ አስታውቃ ነበር። ምክንያቷም ቀላል ነው፤ አበባ ባለበት ቦታ ሆኖ ያምራል፤ ጨርቅ ላይ ሲታተም ግን ይሞታል የሚል ነበር። በዘመኑ ገበያውን ያጥለቀለቀውን ጥቃቅን አበባ ጠልታዋለች። ማይያ ይህን ሰማች፤ ሰምታም አንድ ሁለት ሳይሆን ተከታታይ የአበባ ንድፍ ሣለች። ከእነዚህ አንዱ በ1964 የወጣው «ኡኒኮ» ነው፤ በፊንላንድኛ የፖፒ አበባ ማለት ነው። አበባው ጥቃቅን አይደለም፤ አንዱ ፍንካች ብቻ የሰው ጭንቅላት ያህላል። በብሩሽ እንደተጣለ የቀለም ጠብታ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ቀዩ ደማቅ፣ ግንዱ ጥቁር ነው። አርሚ አየችው፤ የራሷን ትእዛዝ ራሷ ሻረች። አለቃ በትእዛዙ ቢጸና ኖሮ ማሪሜኮ ዛሬ የሚታወቅበትን ምልክት አያገኝም ነበር። ከአርሚ ችሎታዎች ሁሉ ትልቁ ምናልባት ይኸው፣ ቃሏን ስለ መልካም ሥራ ማጠፍ መቻሏ ነው።

ሥዕሉ ከወረቀት ወደ ጨርቅ የሚሻገረው እንዲህ ነው። በእንጨት ወይም በብረት ማዕቀፍ ላይ ስስ ወንፊት የመሰለ ጨርቅ ይወጠራል። ቀለም እንዳይገባበት የሚፈለገው ቦታ ይደፈናል፤ ሥዕሉ ያለበት ቦታ ክፍት ይቀራል። ወንፊቱ በተዘረጋው ጥጥ ላይ ይቀመጥና ቀለሙ በላስቲክ መግፊያ ተጠርጎ ያልፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት ያስፈልጋል፤ ባለ አምስት ቀለም ጨርቅ አምስት ጊዜ ይታተማል። ወንፊቱ ተነሥቶ ቀጥሎ ሲቀመጥ የቀኙ ቅጠል ከግራው ግንድ ጋር ሳይዛነፍ መግጠም አለበት። ሠዓሊው በወረቀት ላይ ይህን መጋጠሚያ አስቀድሞ ካላሰበ ጨርቁ እንደተቀደደ ሆኖ ይታያል። ለመጽሐፍ የሚሥል ሰው ገጹ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል፤ ለጨርቅ የሚሥለው ግን መጨረሻ የሌለው ሥዕል መሣል አለበት። ጥሩ የመጽሐፍ ሠዓሊዎች ጨርቅ ላይ ሲመጡ የሚሰናከሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ኅትመቱ ሲያልቅ በጨርቁ ጠርዝ፣ መቀስ ከማይነካው ዳር ላይ፣ በትናንሽ ፊደል አንድ መስመር ይነበባል፦ የነዳፊው ስም፣ የንድፉ ስም፣ የድርጅቱ ስም፣ ዓመቱ። «ማይያ ኢሶላ፣ ኡኒኮ፣ ማሪሜኮ፣ 1964»። ሠዓሊ በሸራው ጥግ ላይ እንደሚፈርመው ማለት ነው። ጨርቁን ገዝቶ መጋረጃ የሚሰፋ ሰው ጠርዙን አጥፎ ሊደብቀው ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ሆን ብለው እንዲታይ ይተዉታል።

በአሜሪካ የማሪሜኮን በር የከፈተው ቤንጃሚን ቶምፕሰን የተባለ አርክቴክት ነው። ጨርቁን በ1958 በብራስልስ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ አየና በ1959 በማሳቹሴትስ በካምብሪጅ ከተማ በነበረው ሱቁ መሸጥ ጀመረ። ከገዢዎቹ አንዷ ዣክሊን ኬኔዲ ሆነች። ባሏ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር እሷ ለፓሪስ ልብስ ብዙ ገንዘብ ታወጣለች ተብላ ትታማ ነበር። ተራ የጥጥ ቀሚስ ለብሳ መታየቷ ሐሜቱን ለማብረድ ሳይረዳት አልቀረም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1960 የወጣው ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለ መጽሔት ሽፋን ላይ ከባሏ ጋር በጀልባ ተቀምጣ የማሪሜኮ ቀሚስ ለብሳ ትታያለች። ከሙሻማ ፋብሪካ የተነሣው ጨርቅ በአሥር ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ እዚያ ደረሰ።

ማይያ በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም። ሴት ልጇን ብዙውን ጊዜ ያሳደጓት አያቷ ናቸው። እሷ ፓሪስ ትሄዳለች፤ አልጄሪያ ትሄዳለች፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ ግብጻዊ ምሁር ተከትላ በሰሜን ካሮላይና ቡን በምትባል ከተማ አንድ ዓመት ያህል ኖራለች። እዚያ ሆና ሥዕል ትሥል ነበር። ከግብጽ ጋር በተያያዘም «አባይ»ና «ፓፒረስ» የሚሉ ንድፎችን ሠርታለች። ለሥራ የተገባ ነፃነት ለልጅ የሚያስከፍለው ዋጋ እንዳለው የታወቀ ነው። ክሪስቲና ግን ከእናቷ አልራቀችም፤ በ1964 በ18 ዓመቷ ማሪሜኮ ገባች፤ ከ1980 ጀምሮ እስከ 1987 እናትና ልጅ አብረው ነደፉ። ማይያ በ2001 በተወለደችበት በሪሂማኪ አረፈች።

ማሪሜኮ የማይያ ብቻ ቤት አልነበረም። ቩኦኮ ኑርመስኒየሚ በ1956 የሠራችው ባለ መስመር ሸሚዝ ዛሬም ይሸጣል። ከጃፓን የመጣው ካትሱጂ ዋኪሳካ በ1975 የሣላቸው የልጆች መኪናዎች በሺህ በሚቆጠር ቤት የአልጋ ልብስ ሆነዋል። የፊንላንድ መለያ ከሚባለው ጨርቅ ጥቂት የማይባለው የባዕድ አገር ሰው እጅ ያረፈበት ነው።

አርሚ በ1979 ሞተች። ድርጅቱ እናቱ እንደሞተችበት ቤት ሆነ። በ1985 አሜር የተባለ ትልቅ ኩባንያ ገዛው፤ አልሆነለትም፤ ለመዘጋትም ተቃርቦ ነበር። በ1991 ኪርስቲ ፓካነን የተባለች የማስታወቂያ ሥራ አዋቂ ገዛችው። ከአርሚ ጋር ሙያቸው መመሳሰሉ ልብ ይሏል። ኪርስቲ ነዳፊዎችን ወደ ፊት አወጣች፤ አሮጌዎቹን ወንፊቶች አስወጣች። በ2000 አካባቢ ክሪስቲና የእናቷን ኡኒኮ በአዲስ ቀለምና በአነስተኛ መጠን አዘጋጀችው። ከዚያ ወዲህ አበባዋ ከጨርቅ አልፋ በቦት ጫማ፣ በኩባያ፣ በቦርሳ፣ በጃንጥላ ላይ ተስፋፋች። ትልቅነቷ ነበር ውበቷ፤ በቁልፍ መያዣ ላይ ተጨምቃ ስትታይ ያቺው ናት ለማለት ያስቸግራል። ገበያው ግን ወደዳት።

መጽሐፍ፣ ኩባያ፣ አውሮፕላን

በዚያችው በፊንላንድ ሌላ ሥዕልም ከወረቀት ተነሥቶ ብዙ ተጉዟል። ቶቬ ያንሶን ጋርም በተባለ መጽሔት ላይ ካርቱን ትሥል ነበር። በፊርማዋ አጠገብ አንዲት አፍንጫዋ የተነፋ ትንሽ ፍጥረት ታስቀምጥ ነበር፤ ከዚህች ፍጥረት ሙሚን ተወለደ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1945 ወጣ። በ1954 አንድ የለንደን ጋዜጣ ተከታታይ ካርቱኑን ማተም ሲጀምር በየአገሩ የሙሚን ሸቀጥ ፈላ። ቶቬ በሥራው ብዛት ተሰላችታ በ1959 ካርቱኑን ለወንድሟ ለላርስ ተወችለት። ዝነኞቹ የአራቢያ ፋብሪካ ኩባያዎች ከ1990 ጀምሮ የሚወጡት የቶቬን ሥዕሎች መነሻ አድርጋ ቶቬ ስሎቴ በተባለች ነዳፊ እየተዘጋጁ ነው። የሙሚን መብት በያንሶን ቤተሰብ ኩባንያ እጅ መቆየቱ ብዙ ነገር አድኗል፤ ያለዚያ ሙሚን የትና እንዴት እንደሚታተም የሚወስነው ሌላ ሰው በሆነ ነበር።

ከአዲሱ ትውልድ ደግሞ ማይያ ሎዌካሪ አለች። በ2003 ማሪሜኮና የሔልሲንኪ የኪነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጁት ውድድር አሸንፋ ገባች። ሥዕሏ በቀጭን መስመር የተሠራ የሰዎች ስብስብ ነው፤ እንደ መጽሐፍ ሥዕል ቀርበው ሲያዩት ወሬ አለው። በ2009 ለማሪሜኮ ሰሐንና ኩባያ የሣለችው ሥራዋ የከተማ ሰዎች ከከተማ ዳር የሚይዙትን ትንሽ የአትክልት ቦታ ያሳያል። የዕቃዎቹን ቅርጽ ያወጣው ሳሚ ሩኦትሳላይነን ነው። ሳና አኑካ ደግሞ እናቷ ፊንላንዳዊ፣ አባቷ እንግሊዛዊ ናቸው። በ2006 ኪን ለተባለው የሙዚቃ ቡድን የአልበም ሽፋን ሠራች፤ ከ2008 ጀምሮ ለማሪሜኮ ጨርቅ ነደፈች፤ በ2012 ደግሞ የአንደርሰንን «የጥድ ዛፍ» የተባለ ተረት መጽሐፍ በሥዕል አስጌጠች። የሸክላ መዝገብ ሽፋን፣ መጋረጃና የልጆች መጽሐፍ በአንድ እጅ ሲሠሩ ማየት ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚህ መሀል ማሪሜኮን ያሳፈረ ነገር ደረሰ። በ2012 ፊንኤር የተባለው የፊንላንድ አየር መንገድ ከማሪሜኮ ጋር ተዋውሎ አውሮፕላኖቹን በንድፎቹ አስጌጠ። አንዱ ኡኒኮን ተቀባ። ሌላው «የጫካ ሰዎች» የተባለውን የክሪስቲና ኢሶላን ንድፍ ለበሰ። በግንቦት 2013 የሔልሲንኪ ጋዜጣ ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን አወጣ። የክሪስቲና ጫካ የዩክሬናዊቷ ሠዓሊ የማሪያ ፕሪማቼንኮ የ1963 ሥራ ነበር፤ ዛፎቹ እነዚያው፣ አቀማመጡ ያው። ክሪስቲና አልካደችም፤ መገልበጧን አመነች። ማሪሜኮ ይቅርታ ጠየቀ። አየር መንገዱም ሥዕሉን ከአውሮፕላኑ ላይ እንደሚያነሣ አስታወቀ። በጨርቁ ጠርዝ ላይ ግን የታተመው ስም የፕሪማቼንኮ አልነበረም። ለነዳፊ ክብር ሲባል የተጀመረው ያ መስመር በዚህ ጊዜ የሐሰት ምስክር ሆነ።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጥለቱን በወረቀት አይነድፍም፤ ክር እየቆጠረ ከራሱ ያወጣዋል። ዛሬ ግን በፋብሪካ የታተመ፣ ከርቀት ጥበብ የሚመስል ጨርቅ ከቻይና ገብቶ በሸማኔው ዋጋ በጥቂቱ ይሸጣል። በ1995 የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ ይሰጣል፤ ሆኖም ንድፉ አዲስ መሆን አለበት ይላል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ጥለት ደግሞ በባሕሪው አዲስ ሊሆን አይችልም። ፕሪማቼንኮ የታወቀ ስምና የተመዘገበ ሥዕል ስለነበራት የሚከራከርላት ጋዜጣ አገኘች። ስም የሌለው ሸማኔ ጥለቱ ሲገለበጥበት ጎን ለጎን የሚያትምለት ጋዜጣ እንኳ የለውም።

ማሪያ ፕሪማቼንኮ ማን ነበረች? በ1909 ከኪየቭ ሰሜን ቦሎትንያ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። በልጅነቷ በፖሊዮ ታማ እግሯ ተጎዳ። በመጀመሪያ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር፤ በ1936 በኪየቭ ለባሕላዊ ጥበብ ሰዎች በተከፈተ ወርክሾፕ ገብታ የሸክላ ሥራም ተማረች። በ1937 ሥራዎቿ በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ታዩ። ጥልፍም ሸክላም ሥዕልም በአንድ እጇ ነበሩ፤ ቪየና ውስጥ ማኅበር የተመሠረተበትን ነገር እሷ በመንደሯ ያለ ማኅበር ትሠራው ነበር። የሣለቻቸው አራዊት በምድር ላይ የሉም፤ አንበሳ የሚመስሉ ግን አበባ የለበሱ፣ ጥርሳቸው የሚያስፈራ ዓይናቸው የሚያሳዝን ናቸው። አብዛኛውን ዕድሜዋን በመንደሯ ኖራ በ1997 በ88 ዓመቷ ሞተች።

በየካቲት 2022 የሩሲያ ጦር ዩክሬንን በወረረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የፕሪማቼንኮን ሥዕሎች የያዘው የኢቫንኪቭ ከተማ ትንሽ ሙዚየም ተቃጠለ። የአካባቢው ሰዎች እሳቱ ውስጥ ገብተው፣ የቻሉትን ያህል ሥዕል እያወጡ አዳኑ።